ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ የጫንኩበት ጠዋት

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ፣ ከንጋቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ይህን ያህል አጥርቼ የማውቀው እጄ ላይ የታሰረው ሰዓት ሁሉን ነገር ስለሚመዘግብብኝ ነው። ስንት ሰዓት እንደ ወጣሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ነዳሁ፣ ልቤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ መታ ያውቃል። የማያውቀው ልቤ ለምን እንደሚመታ ብቻ ነው። ዳገት ይሁን ድንጋጤ አይለይም። ያን ቀን በዚህ አለማወቁ ጉድ ሠርቶኛል፤ እሱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ፈሪ መሆኔን ነው። ውሻ እፈራለሁ፤ የጭነት መኪና እፈራለሁ፤ ድልድይ ላይ ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፋ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ይህ ደግሞ ሳይክል ለሚነዳ ሰው ጥሩ ልማድ አይደለም። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ሰው ነው። ይጎዳኛል ብዬ አይደለም፤ ያናግረኛል ብዬ ነው። ወልድያ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ከሰፈሬ አልፌ ሄጃለሁ። ሾፌሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ዞር ይልና «እህቴ፣ አንቺ ወዴት ነሽ?» ሲለኝ፣ «እዚሁ ነው» እልና ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በቡድን የሠራነውን ጥናት ስናቀርብ የእኔ ድርሻ መብራት ማጥፋት ነበር። ሲያልቅ ደግሞ ማብራት።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት በአደባባይ ሳይክል ይነዳል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ለዓይናፋር ሰው ከሳይክል የተሻለ ስፖርት የለም። ስፖርት ቤት ብትገቡ ሰው አለ። ብትሮጡ ደግሞ ሩጫችሁ ከሰው አፍ አያመልጥም። በሳይክል ግን አንዱ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ሃምሳ ሜትር ርቄያለሁ። እግሬ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሳይክሏን ያገኘሁት ከአጎቴ ልጅ ነው። ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ጥሎልኝ ሄደ። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፣ ጎማዋ ሁለት ጣት የማይሞላ ኮርሳ ናት። እንዳልታይ ብዬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ገዛሁ፤ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሻሽ፣ በላዩ ጥቁር ሄልሜት። እንዳልታይ ብዬ የለበስኩት ልብስ በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

ዓላማዬ ከወልድያ መርሳ ደርሶ መመለስ ነበር። የተመረቅሁት በጂኦግራፊ ስለሆነ መንገዱን በወረቀት ላይ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ መሄጃው በአመዛኙ ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። ወረቀት ላይ ዳገት አያደክምም። የመጀመሪያው ሳምንት ከከተማው መውጫ ድልድይ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት የማላውቀው ሰው «አይዞሽ!» ስላለኝ ደንግጬ ተመለስኩ። በስድስተኛው ሳምንት ስሪንቃ ደረስኩ። በዳገቱ ላይ የነበረው ማርሽ ቅየራዬ እየቀነሰ፣ ትንፋሼ እየረዘመ፣ ጭኔ ሱሪውን እየሞላ መጣ። መርሳ ብቻ አልደረስኩም። ስሟ መርሳ ነው እንጂ እኔ አንድም ቀን ረስቻት አላውቅም።

ሥልጠናዬን የምመራው ስልኬ ላይ በማያቸው ቪዲዮዎች ነው። አሠልጣኙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ የማያውቀኝ መሆኑ በጣም ይመቸኛል። ያን ሳምንት ያስተማረው እንዲህ የሚል ነበር፤ ከባድ ዳገት ጨርሳችሁ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ አትጎንበሱ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ሁለት እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ፤ ደረታችሁ ይከፈትና አየር ይገባል። በደብተሬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ እንግዲህ ወጣሁ። ጎሕ እየቀደደ ነው። መንገዱ ላይ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አህያ እየነዱ ይመጣሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሰውን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። እኔም ጨክኜ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «እንዴት አደራችሁ» እላለሁ። እነሱም በደስታ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ? ቤተሰብ…» ይላሉ። ቤተሰቤ ላይ ሲደርሱ እኔ ቁልቁለቱን ጨርሻለሁ። ግማሽ ሰላምታ ሰርቆ እንደሄደ ሌባ ጀርባዬን ይከብደኛል።

ስሪንቃን ካለፍኩ በኋላ አንዲት አጭር ዳገት አለች። ዕቅዴ እሷን በሙሉ ጉልበት መውጣት ነው። ሙሉ ጉልበት እንዳለኝ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ውሻው ነው ያረጋገጠልኝ። ከአጥር ሥር ወጣ። ቀለሙን አላየሁም፤ ያየሁት ጥርሱን ነው። ፔዳሉን እንዴት እንደ ረገጥኩት አላውቅም፤ ካቴናው ይንጫጫል፣ እኔ እንጫጫለሁ፣ ውሻው ይጮኻል። በዚህ መሐል የውኃ ኮዳዬ ከማስቀመጫው ዘሎ ወጣና ወደ ኋላ ተንከባለለ። ውሻው ቆሞ አሸተተው። እኔን የፈለገኝ ለውኃው ነበር መሰለኝ።

ዳገቱን ስጨርስ ዓይኔ ከነፋሱ የተነሣ እንባ ያፈሳል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ደረቴ ይቃጠላል። ከመንገዱ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር አንድ የቆርቆሮ ቤት አየሁ። መቼም ሰው ደጅ ቆሜ አንድ ነገር ለምኜ አላውቅም፤ ግን ጥማት ከሃፍረት ይበልጣል ለካ። ከሳይክሌ ሳልወርድ አረፍተ ነገሬን አዘጋጀሁ። «እንዴት አደሩ እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ የሚጠጣ ውኃ ቢኖርዎ?» ስምንት ቃል። ሁለት ጊዜ በልቤ አልኩት። ከዚያ ወርጄ ሳይክሏን አጥሩ ላይ አስደገፍኩና በሩ ፊት ቆምኩ።

በሩን ሳልነካው ተከፈተ። ስማቸውን በኋላ ያወቅሁት፣ እማ ዘሃራ የሚባሉ ቀጭን እናት፣ ለሶላት ከታጠቡበት የውዱእ ውኃ የቀረበትን ጆግ ይዘው ወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፊታቸው ሲለወጥ ታየኝ።

«ኸይር ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

በማለዳ እንግዳ ደጅ ላይ ሲቆም በወሎ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ክርስቲያኑ «በደህና ነው?» ይላል፤ ሙስሊሙ «ኸይር ነው?» ይላል። መልሱም ያው ጥያቄው ነው፤ «ኸይር ነው» ካላችሁ አለቀ፣ ግቡ ትባላላችሁ። ብቻ ቶሎ መመለስ አለበት። ዝም ያለ ሰው ክፉውን መልስ ሰጥቷል ማለት ነው።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አሠልጣኜ ትዝ አለኝ፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ።

ይህን ስታነቡ «ኧረ አውርጂ!» ያላችሁ ይመስለኛል። ልክ ናችሁ። በእኛ ዘንድ ሁለት እጅ ጭንቅላት ላይ የሚወጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ሳላስበው እንዲህ ባደርግ እናቴ «ምን ልታመጪብን ነው?» ብላ እጄን ትመታው ነበር። ስንት ዓመት እየተመታሁ የተማርኩትን አንድ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አስረሳኝ። እስቲ ደግሞ በእማ ዘሃራ ዓይን እዩኝ፤ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ጥቁር የለበሰች የማትታወቅ ልጅ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ሲጠይቋት ዝም።

ጆጉ ከእጃቸው ወደቀ። ውኃው ሲፈስ ዓይኔ ተከተለው።

«ኸይር ነው በይኝ! ያ አላህ! ኸይር ነው በይኝ!»

አንድ ደቂቃ ቢሰጡኝ ተንፍሼ እናገራለሁ ብዬ እጄን ሳላወርድ አንድ ጣቴን አነሣሁ።

«አንዱን!» አሉ እማ ዘሃራ። «ያለኝን አንዱን!»

በኋላ እንደ ሰማሁት እማ ዘሃራ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እንድሪስ። ሳዑዲ እሠራለሁ ብሎ እንደ ሰፈሩ ልጆች በእግርና በጀልባ ወጥቷል። ከባሕሩ ዳር ሆኖ «ዛሬ ወይ ነገ እንሻገራለን» ብሎ ከደወለ ሃያ ምናምን ቀን አልፏል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ይህንን ሁሉ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ በጥማት ሞቼ እሻል ነበር።

ስላላወቅሁ ግን አረፍተ ነገሬን ለመናገር ታገልኩ። ከስምንቱ ቃል የወጣው ሰባተኛው ብቻ ነው።

«ውኃ…»

እማ ዘሃራ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ባሕሩ! ባሕሩ በላብኝ! እንድሪስ! እንድሪስዬ!»

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ወፍራም ሴት አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው እየሮጡ መጡ። ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ናቸው። «ወዬ! ወዬ! ወዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና «ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«እንድሪስ!»

«ወዬ እንድሪስ!» አሉና እንደገና ጀመሩ።

እኔ አሁንም እጄን አላወረድኩም። ማውረድ እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ ግን ፍርሃት ሲይዘኝ እንደ እንጨት ነው የምደርቀው። ሰዎች ከማሳው፣ ከየቤቱ፣ ከመንገዱ መጡ። መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪው ወረደ። አንዲት ሴት መጥታ ትከሻዬን ዳበሰችና «የሟች እህት ነሽ?» አለችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አይደለሁም ማለቴ ነበር፤ እንዴት እንደ ነቀነቅሁት እንጃ፣ እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች።

የመስኖ ውኃ ሊያዞሩ ወጥተው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አካፋቸውን በትከሻቸው ይዘው ደረሱ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። «ጋሽ ሙሄ መጡ» ተባለ። ጋሽ ሙሄ በዚያ አካባቢ መርዶ የሚነግሩ ሰው ናቸው። ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ናቸው በወጉ ለባለቤቱ የሚያደርሱት። ሥራቸውን የነጠቅኋቸው ባለሙያ ፊት ቆሜአለሁ ማለት ነው።

«ማን ነው የላከሽ?» አሉኝ አካፋውን መሬት ላይ ተክለው።

«ማንም» አልኩ። የመጀመሪያው መልሴ።

«ለብቻሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ ለብቻዬ ነው የማዘወትረው።»

«ያ ሰላም! ታዘወትሪዋለሽ?» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የዛሬ ልጆች! መርዶ ለብቻ ይነገራል? መጀመሪያ ጎረቤት ይጠራል። ትልልቅ ሰው ይሰበሰባል። ባለቤቷ ቁርስ መቅመሷ ይጠየቃል። ከዚያ ቀስ ተብሎ፣ ‹ትንሽ አሞት ነበር› ይባላል። አንቺ ገና ከመድረስሽ እጅሽን ሰቅለሽ ‹ውኃ› ትያለሽ? ሰው እንዲህ ይደረጋል?»

«ጋሽ ሙሄ፣ ማንም አልሞተም» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ጋሽ ሙሄ እፎይ አሉ። «አያችሁ?» አሉ ለሕዝቡ። «አሁን ገና በሥርዓቱ ጀመረች።»

እማ ዘሃራ ይህን ሲሰሙ ጩኸቱ ባሰባቸው። «ማንም አልሞተም» የሚባለው መቼ እንደሆነ ያውቁታላ።

«እኔኮ ልጁን አላውቀውም» አልኩ።

«ሳታውቂው ነው እንዲህ የምታለቅሺለት?» አሉ እትዬ የሺ እንባዬን በነጠላቸው እየጠረጉ። «የማን ልጅ ናት በሉ? እንዲህ ያለ ሆድ!»

በዚህ መሐል ሰዓቴ ጮኸ። ልቤ ካስቀመጥኩት ወሰን ሲያልፍ የሚጮኽ ነገር አለው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሰው ሁሉ ወደ እጄ ዞረ።

«ምንሽ ነው የሚጮኸው?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ልቤ ነው።»

«ልቧ!» አሉ እትዬ የሺ። «ልቧ እንኳ ሳይቀር አለቀሰ!» እንደገና «ወዬ!» ተባለ።

የምሸሽበት መንገድ ፈለግሁ። ሳይክሌን አንድ ደግ ሰው «ልጅቱ ሐዘን ላይ ናት» ብሎ ወደ ግቢው አስገብቷታል፤ ከፊቷ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች ቆመዋል። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ። ጋሽ ሙሄ ለአንድ ሰው «መስጊድ ሂድና በድምፅ ማጉያው ይነገር፤ ግራና ከተማም መርሳም ይሰማ» አሉ። ሰውየው መንገድ ጀመረ።

እማ ዘሃራን አየኋቸው። መጮኽ ትተዋል። አፈር ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነዋል፤ ልክ እንደ እኔ። እኔ ግን ለመተንፈስ ነበር፤ እሳቸው የሚተነፍሱ አይመስሉም። ያን ጊዜ ከሰው ሁሉ በላይ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ሰውየው መስጊድ ሲደርስ፣ በሕይወት ያለ ይሁን የሌለ ማንም የማያውቀው ልጅ፣ በእኔ ትንፋሽ ማጠር ምክንያት ሞተ ተብሎ ሊታወጅ ነው።

«ስፖርት ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

በሕይወቴ ከወጣኝ ድምፅ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ማንጎው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። ሰውየው መንገድ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ስፖርት! ከወልድያ ነው የመጣሁት፤ ሳይክል እየነዳሁ! ውሻ አባረረኝ! ኮዳዬ ወደቀ! ውኃ ጠምቶኝ ነው! የሚጠጣ ውኃ! እንባዬ የነፋስ ነው! እንድሪስን አላውቀውም! ማንም ምንም አልነገረኝም!»

ጋሽ ሙሄ ጺማቸውን ያዙ።

«ጥቁሩስ?»

«እንዳልታይ ብዬ ነው።»

ሠላሳ ሰው ተመለከተኝ።

«እጅሽስ ጭንቅላትሽ ላይ ምን ወሰደው?»

«ለመተንፈስ ነው።»

«በእጅ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እኔ አለቀ ብዬ እጄን አወረድኩ። አላለቀም። እማ ዘሃራ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣ በዝግታ፣ «እንግዲያስ እንድሪስ የት ነው?» አሉኝ።

እኔ ሞቷል አላልኩም፤ ግን አለ ማለትም አልችልም። የሃያ ምናምን ቀን ፍርሃታቸውን በአንድ ጠዋት ቀስቅሼው መልሼ የማስተኛበት ነገር አልነበረኝም። ውኃ ለመለመን መጥቼ የሰው ልጅ ጠፋብኝ።

ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘሃራ፣ ያ ከግራና ያመጣሁልሽ ቁጥርስ?»

እማ ዘሃራ ዓይናቸውን ሰበሩ። አብሮት የወጣ የግራና ልጅ አለ፤ ቤተሰቦቹ አዲስ ቁጥሩን ሰጥተዋል፤ ወረቀቱ በእጃቸው ከገባ አምስት ቀን ሆኖታል። አልደወሉም።

«ምነው አንቺ?» አሉ እትዬ የሺ። «እኛ እኮ ኔትወርክ እምቢ አላት ብለን ነው!»

«ካልደወልኩ አለ» አሉ እማ ዘሃራ። «ከደወልኩ ግን… እንጃ።»

እኔ እዚያ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይህንን የምረዳ ሰው ነኝ። የፈተና ውጤት ተለጥፎ ሦስት ቀን ሳላይ የከረምኩ ነኝ። ስልኬን አወጣሁ። ለሥልጠናዬ ብዬ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል አለ። «ከፈለጉ በኢንተርኔት እኔ ልደውል» አልኩ። እማ ዘሃራ ከጉያቸው ወረቀቱን አወጡ። በላብ ርሷል፤ አንዷ ቁጥር ሰባት ትሁን አንድ አትለይም። በሰባት ደወልኩ። ጠራ።

ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እማ ዘሃራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «በቃ፣ ተይው ልጄ።» ሰዓቴ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። በአንድ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ።

«ሄሎ» አለ እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ።

እማ ዘሃራ መናገር አልቻሉም። እኔም አልቻልኩም። ጋሽ ሙሄ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ፣ «እንድሪስ አጠገብህ አለ ወይ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እንድሪስ። ማን ልበል?»

እትዬ የሺ «ወዬ!» አሉ። ያን ጠዋት ሌላ ቃል አልነበራቸውም፤ የደስታውም የሐዘኑም ያው ነው። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው። ከባሕር ማዶ ድምፁ ተቀየረ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ? ጋሽ ሙሄ ነዎት? ማን ሞተ? ጋሽ ሙሄ፣ ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ!» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«እኔ?»

«አንተ። ባሕር በልቶህ።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

እማ ዘሃራ ስልኩን ከእጄ ቀሙኝ። ደስ አላላቸውም ገና፤ አልታለልም ያሉ ይመስላሉ። «እንድሪስ ከሆንክ» አሉ፣ «ቤት ውስጥ የምጠራህን ስም በል።»

«እማ… ሰው አለ እኮ።»

«በል!»

«እማ…»

«በል አልኩህ!»

«ጩጬ» አለ፤ በጣም በቀስታ። ስልኩ ግን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ እማ ዘሃራም ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ያን ጊዜ አለቀሱ።

ያልደወለበትን ምክንያት ጠየቁት። ስልኩ ጀልባው ላይ ውኃ ገብቶበታል፤ አሁን ያነሣው የግራናውን ልጅ ስልክ ነው፤ ተሻግሮ ሥራ እስከ ዛሬ አላገኘም። «ምን ይዤ ልደውል እማ? አፈርኩ» አለ።

«አፈርኩ» ያለበትን ድምፅ ለይቼ አወቅሁት፤ ወራጅ አለ ማለት ያቃተኝ ጊዜ የሚወጣኝ ድምፅ ነው። እሱ በዚያ ማዶ አፍሮ ዝም፣ እኔ በዚህ ማዶ አፍሬ ዝም፤ ሁለት ዓይናፋሮች ተባብረን አንዲት እናት ልንገድል ምንም አልቀረንም።

ከዚያ በኋላ ውኃ መጣልኝ፤ በጆግ። ከውኃው በኋላ ወተት፣ ከወተቱ በኋላ ማንጎ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ተራ በተራ ጨበጠኝ። ጋሽ ሙሄ አካፋቸውን ተሸክመው ሲሄዱ «ሁለተኛ ለሥራሽ ስትመጪ መጀመሪያ እኔ ጋ ነይ» አሉኝ። ሥራዬ ምን እንደ መሰላቸው አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። እማ ዘሃራ ደግሞ ሳይክሌን እራሳቸው እየገፉ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

«ነገም ታልፊያለሽ?» አሉ።

«እንጃ፣ ምናልባት አዎ።»

«እንግዲያስ ትንፋሽሽ ሳያልቅ፣ ከሩቁ ‹ኸይር ነው› በይኝ። ልቤ ከአሁን በኋላ ጎማ በሰማ ቁጥር ይዘላል።»

ዳገቱን እንዴት እንደ ተመለስኩ አልነግራችሁም። ወልድያ መግቢያ ላይ ባጃጆች ከቆሙበት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። «ጥቁር የለበሰች ሴት ናት አሉ» ይላል አንዱ ሾፌር፤ «በሳይክል እየዞረች ለየቤቱ መርዶ ትናገራለች። ቀና ብለው ሲያዩዋት የለችም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ጥቁር ልብሴን አየ፣ ሳይክሌን አየ፣ ቀለሙ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። «ኸይር ነው» አልኩትና አለፍኩ።

ቤት ገብቼ ሰዓቴን ስከፍት፣ ያ ዳገትን ከድንጋጤ የማይለይ ዕቃ፣ ውጤቴን አቀረበ። የልብ ምቴ ከጀመርኩ ጀምሮ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ጊዜው ደግሞ ሳይክል ላይ ሳልሆን ደጅ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። ፍጥነት ዜሮ። ከሥሩ «ድንቅ ልምምድ፤ ብቃትሽ ጨምሯል» የሚል ጽፎ፣ ሁለት ቀን ዕረፍት አዘዘልኝ።

አላረፍኩም። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅሁና የእህቴን ቢጫ ሹራብ ለብሼ ወጣሁ። ውሻው ቦታው ላይ ነበር፤ ቢጫውን አልወደደውም መሰለኝ ዳገቱን ያን ዕለትም በሙሉ ጉልበት አወጣኝ። ከዳገቱ ጀምሮ ሰዎች ደጃቸው ላይ ቆመው «ኸይር ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ለእያንዳንዱ «ኸይር ነው!» እላለሁ። ፍጥነቴ አህያ ከሚነዱት በታች ወረደ። የእማ ዘሃራ ማንጎ ሲታየኝ ፍሬን ያዝኩ፤ ሁለት እግሬን መሬት አደረግሁ፤ ሁለት እጄን መሪው ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ደረቴ እስኪሞላ ተነፈስኩ። በራቸው ላይ ቆመዋል። አፋቸው ሊከፈት ነው። ፊታቸው ላይ የትናንቱ ነገር ገና አልጠፋም።

ሳይጠይቁኝ መለስኩላቸው። ሳልጠይቃቸው ውኃውን አቀበሉኝ፤ ውሻው ጋ በወደቀው በራሴ ኮዳ፣ ጋሽ ሙሄ ፈልገው ባመጡት።

መርሳ ያን ቀንም አልደረስኩም።